ጅራፉ ለምን አልጮኸም?

ቡሄ ሊደርስ ሰሞን ሜሪላንድ ከሚኖር ወዳጄ አንዲት አጭር መልእክት መጣችልኝ፦ «ለልጆቹ ከሱቅ ገመድ ገዝቼ ጅራፍ ሠራሁላቸው። ቢወዘወዝ ቢወዘወዝ አይጮህም። ምን ጎድሎት ነው?» በአንድ መስመር ልመልስለት ስጀምር አንዱ ነገር ሌላውን እየጠራ ገጽ ሞላ። መልሱ እሱን በቃው፤ እኔን ግን ጥያቄው ሲከነክነኝ ሰነበተ። የገጠር ልጆች ጨዋታ በተነሳ ቁጥር «ያ ቀላል ደስታ» ማለት ለምዶብናል። ደስታ መሆኑ አያጠራጥርም። ቀላል መሆኑን ግን እንጃ። አንድ እረኛ ጅራፉን «ጧ!» ሲያደርግ እጁ ላይ ብዙ እውቀት አለ፤ ተክሉን መምረጥ፣ ጭረቱን ማውጣት፣ ማክረርና መግመድ፣ ክንድን በሰዓቱ መመለስ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ጅራፉ ዝም ነው።

ከልጥ እስከ ገመድ

ጅራፍ ክረምት ላይ የሚሠራው ለበዓሉ ሲባል ብቻ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ተክሉ ውሃ የጠገበበት ጊዜ ስለሆነ ልጡ ከእንጨቱ በቀላሉ ይለያል። የታችኛውን ጫፍ በቢላ ወይም በጥርስ ላላ አድርገው ወደ ላይ ሲስቡት ሳይበጠስ ረጅም ሆኖ ይመጣል። በበጋ ያንኑ ቅርንጫፍ ቢሞክሩት እንጨቱ ላይ ሙጭጭ ብሎ ቁርጥራጭ ይሆናል። የግራር ወይም የለንቋጣ ልጥ የሚጠቀሙ ልጆች የሚመርጡት ሁለት ጣት የሚያህል፣ ቀጥ ብሎ ያደገ፣ ቅርንጫፍ ያላበዛ ዘንግ ነው። ቅርንጫፍ በወጣበት ቦታ ሁሉ ልጡ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፤ ጅራፉም ኋላ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ግንዱን ዙሪያውን የላጠ ልጅ ደግሞ ቁጣ ይጠብቀዋል፤ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃልና።

ቃጫ ባለበት አካባቢ ቃጫን የሚያህል የለም። ከሥር ያሉት ያረጁ ቅጠሎች ይቆረጡና ጠርዛቸው ላይ ያለው እሾህ ይገፈፋል። ከዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተደርገው በእንጨት ይቀጠቀጣሉ። በድንጋይ የቀጠቀጠ ልጅ ጭረቱን ከሥጋው ጋር አብሮ ይቆርጠዋል፤ መቀጥቀጫው እንጨት የሆነው ለዚህ ነው። ቀጥሎ በደነዘ ቢላ ከቅጠሉ ሥር ወደ ጫፍ እየተፋቀ አረንጓዴው ይወጣል። ፈሳሹ ቆዳ ያሳክካል፣ ስለዚህ ፍቆ ሳይታጠብ ዓይኑን ያሸ ልጅ ከሰዓቱን በሙሉ ሲያለቅስ ይውላል። ጭረቱ ወንዝ ላይ ታጥቦ ሲሰጣ ይነጣል። አንዳንዶች መፋቁን ለማቅለል ቅጠሉን ለቀናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ይሄ መንገድ ሥራውን ያቀልላል፤ የተረሳ ዝፍዝፍ ግን ጭረቱም አብሮ ይበሰብሳል፣ ሲከርር እጅ ላይ ይበጣጠሳል።

ከዚያ ማክረር ይመጣል። የጭረቱን አንድ ጫፍ ጓደኛ ይይዛል ወይም በእግር አውራ ጣት ይያዛል፤ ሌላው ጫፍ ጭን ላይ በመዳፍ እየተንከባለለ ይከርራል። ሁለት ክሮች ለየብቻ ወደ ቀኝ ይከርራሉ፤ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ ግራ ይገመዳሉ። ምስጢሩ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ክር ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል። አክርሮ ሲያበቃ ወደዚያው አቅጣጫ የገመደ ጀማሪ ግን እጁን ሲለቅ ገመዱ ተፈትቶ ይጠብቀዋል።

አዲስ ጭረት ሲቀጠል ሁለቱ ክሮች አንድ ቦታ ላይ መቀጠል የለባቸውም። አንዱ እዚህ ከተቀጠለ ሌላው አንድ ስንዝር አልፎ ይቀጠላል፣ አለበለዚያ ገመዱ ወገቡ ላይ ይሳሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውፍረቱ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። እጀታው ጋ የአውራ ጣት ያህል ይጀምርና በየስንዝሩ ጥቂት ጭረት እየተቀነሰለት ጫፉ ላይ ሲደርስ የስንደዶ ያህል ይቀጥናል። የመጨረሻው ስንዝር በጣም ቀጭን ክር ሆኖ መጨረሻው ላይ ይቋጠራል፣ ከቋጠሮው ባሻገር ትንሽ ጭራ ይተውለታል። ጭራው ሲበዛ አየር ይይዘዋል፤ ጭራ የሌለው ደግሞ ቶሎ ይፈታል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከልጁ ቁመት እጥፍ ቢሆን ይበቃል፣ እጀታው ደግሞ ክንድ የማትሞላ የክትክታ ወይም የወይራ ዱላ ናት። ገመዱ እጀታው ላይ እንዳይንሸራተት ጫፉ ዙሪያውን ትንሽ ይቦረቦርለታል።

የወዳጄ ጅራፍ ችግር እዚህ ላይ ነበር። የሱቅ ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውፍረቱ እኩል ነው።

ያቺ የመመለሻ ቅጽበት

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የምንለው በድሎ ለሚያለቅስ ሰው ነው። ተረቱ የጅራፍንም ባሕርይ ሳይስት ይዟል፤ ጅራፍ ለመጮህ ማንንም መንካት አያስፈልገውም። ድምፁ የሚወጣው ባዶ አየር ላይ ነው። እጀታው ጋ የተነሳው እንቅስቃሴ ገመዱ ላይ ቀለበት ሠርቶ ወደ ጫፉ ይሮጣል። ገመዱ እየቀጠነ ሲሄድ ያው ጉልበት የሚያንቀሳቅሰው ክብደት እየቀነሰ ይመጣል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጫፉ ላይ ሲደርስ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ የሆነውን የድምፅ ፍጥነት ያልፋል። የምንሰማው ጩኸት ከድምፅ የፈጠነ ጄት ሲያልፍ ከሚሰማው ፍንዳታ ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ መጠኑ ነው የሚለየው። መሐሉ ላይ ቋጠሮ ያለበት ገመድ የማይጮኸውም ለዚህ ነው፤ ቀለበቱ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ይሰበራል።

ይህን ሁሉ ልጁ በቁጥር አያውቀውም፣ በክንዱ ግን ያውቀዋል። ግራ እግሩን ወደ ፊት ያስቀድማል። ጅራፉን ከራሱ በላይ አንዴ ሁለቴ በሰፊው ያዞረዋል፣ ገመዱ ከኋላው ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ። ከዚያ ድንገት፣ ገመዱ ገና በዚያ አቅጣጫ እየሄደ ሳለ፣ ክንዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ሁሉ ነገር ያለው በዚች መመለሻ ላይ ነው። ቀድሞ የመለሰ ልጅ ገመዱ ገና ስላልተዘረጋ አንገቱ ላይ ይጠመጠምበታል፣ ጆሮውን ያቃጥለዋል። ዘግይቶ የመለሰ ደግሞ ገመዱ ጉልበቱን ጨርሶ ጭቃ ውስጥ ይወድቅበታል። በአንጓው ብቻ የሚወዘውዘው ልጅ ፉጨት እንጂ ጩኸት አያገኝም፤ ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ መሄድ አለበት።

አንድ ልጅ ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኘው ፊቱን ማየት ነው። ደንግጦ ቆም ይላል፣ የራሱ ድምፅ አልመሰለውምና። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ወዲያው ይደግመዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይጮህም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሲመልስ ሳያስብ ነበር፣ አሁን አስቦ ነው። ቀሪው ሳምንት የሚያልፈው ያንን ያልታሰበ እንቅስቃሴ ሲያሳድድ ነው። ደስታው የቱ ጋ እንዳለ ብጠየቅ እዚህ ጋ ነው የምለው፤ መጀመሪያውና ሁለተኛው ጩኸት መሐል ባለው ፍለጋ ላይ።

ጥቂት ነገሮች ደግሞ ከክንድ ውጭ ናቸው። የደረቀ ልጥ ይሰባበራል፣ ስለዚህ ልጆች ከመጀመራቸው በፊት ጅራፉን ኩሬ ውስጥ ነከር ያደርጉታል። በጣም የረሰረሰው ግን ይከብዳል። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ጫፉን ወደ ልጁ ፊት ስለሚመልሰው ጎበዙ ልጅ ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጣል። ዓይን ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በአንዳንድ አካባቢ ጎረምሶች ጋቢ ተከናንበው በጅራፍ ይገራረፋሉ፤ ትንንሾቹ እዚያ መሐል እንዲገቡ አይፈቀድም፣ መፈቀድም የለበትም።

ለወዳጄ የላኩት ምክር እንግዲህ ይሄው ነበር። ከጥጥ ገመድ ሦስት ውፍረት ግዛ፣ ወፍራሙን እጀታው ጋ፣ መካከለኛውን ቀጥለህ፣ ቀጭኑን መጨረሻ አድርግ። መጋጠሚያውን አትቋጥረው፤ ፈትተህ ክሮቹን እርስ በርስ ግመዳቸው፣ በስፌት አጥብቃቸው። ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር የናይለን ሲባጎ ጨምርበት። ልጆቹን የፕላስቲክ መነጽር አድርግላቸው። ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ከአምስት ሜትር ወዲህ ማንም እንዳይቆም።

ናይለኑን ሲያይ «እሱማ የድሮው አይደለም» ብሎ ቅር አለው። እኔ በዚህ አልስማማም። ናይለን ሲባጎ ባገኙ ቁጥር እረኞችም ጫፉ ላይ ያስሩታል፤ ከልጥ ይልቅ ቶሎ አይበላም፣ ይበልጥም ይጮኻል። የልጅ ጨዋታ ሙዚየም አይደለም፤ ያገኘውን ይጠቀማል። ጨዋታውን የሚያጠፋው ሌላ ነገር ነው፣ እመጣበታለሁ።

ጭቃ ላይ የሚጠመዱ በሬዎች

ጅራፉ ጩኸት አለውና ሁሉም ያስታውሰዋል። ዝም ብሎ የሚሠራው የጭቃ በሬ ግን ከጅራፍ አይተናነስም። አፈሩ ከተገኘበት ሁሉ አይወሰድም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ የዋልካ በሬ በማግስቱ ሆዱ ተሰንጥቆ ይገኛል። የሚሻለው ሸክላ ሠሪዎች የሚቆፍሩት ዓይነት አፈር ነው፣ ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር ከላይኛው ጥቁር አፈር ሥር የሚገኘው። ጠጠሩ በጣት እየተለቀመ ይወጣል፣ ምክንያቱም አንዲት ጠጠር ያለችበት እግር ሲደርቅ እዚያ ላይ ይሰበራል። ጥቂት የደቀቀ ጭድ ወይም የተፈረፈረ ደረቅ ኩበት ይጨመርበታል፤ ይህ ስንጥቁ እንዳይሄድ ያስረዋል። ጭቃው ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ይለወሳል።

መጀመሪያ ገላው ይሠራል፤ አራቱ እግሮች ከገላው ላይ እየተሳቡ ይወጣሉ እንጂ ለብቻ ተሠርተው አይለጠፉም። የተለጠፈ እግር ሲደርቅ ይነቀላል። ሻኛው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተቆንጥጦ ይነሳል። ቀንድ ላይ ሲደርስ ነገር ይመጣል፤ ከጭቃ የተሠራ ቀንድ ቀጭን ስለሆነ ከሌላው ቀድሞ ይደርቅና ይወድቃል። ስለዚህ ብልሁ ልጅ ሁለት የግራር እሾህ ይሰካበታል፤ ነጭ፣ ሹል፣ የማይሰበር ቀንድ። በሬው ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ በሬ ውጭው ይደርቅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፤ መሰንጠቁም አይቀርም።

ከዚያ ስም ይወጣለታል፤ ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ወይኖ። ስሙ ከቤት በሬዎች ነው የሚወረሰው። ጥማዱ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠመድም። ከክትክታ ጭራሮ ቀንበር ይቀረጻል፣ ማነቆው ይሰካል፣ ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በቀጭን ልጥ ይታሰራል፤ ያቺ ልጥ ምራን መሆኗ ነው። ዕርፍ አለ፣ ግራና ቀኝ ድግር አለ፣ ማረሻዋ ከቆርቆሮ ቁራጭ ትሠራለች። አንዱ ክፍል ሲጎድል ከጎረቤት የመጣ ልጅ «ወገሉስ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሠሪው ያፍራል። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሞፈር ቀንበርን ክፍሎች በሙሉ ስማቸውን፣ የትኛው የትኛው ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም።

ትልልቆቹ ልጆች

ወዳጄ ምክሩን ካነበበ በኋላ የጻፈልኝ ነገር ነበር፦ «እኔን ማን እንዳሳየኝ አላስታውስም።» እዚህ ላይ ቆምኩ። እውነት ነው፣ ማንም አያስታውስም። አባት ጅራፍ ሲገምድ አያሳይም፤ አባት እርሻ ላይ ነው። የሚያሳየው ሁለትና ሦስት ዓመት የሚበልጠው ልጅ ነው፣ እሱንም ያሳየው እንዲሁ የሚበልጠው ልጅ ነው። የገጠር ጨዋታ ትምህርት ቤቱ ከብት ጥበቃው ነው፤ ስድስት ዓመት የሆነውና አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው አንድ መስክ ላይ ይውላሉ።

ይህ በነፃ አይደለም። ከብት ማሳ ውስጥ ሊገባ ሲል የሚመልሰው ትንሹ ልጅ ነው፤ የትምህርቱ ክፍያ ይኼ ነው። መሬት ላይ ተቆፍሮ ገበጣ ሲጫወቱ፣ በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር፣ የተሸነፈው ከብት ይመልሳል። ቅልልቦሽም ላይ እንደዚያው። ትንሹ ሲሮጥ ይውላል፣ በመሐል በመሐል ግን አጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን ያያል። ጠጠር መቁጠር የተማረው አስተማሪ ጋ ሳይሄድ ነው።

ገና ጨዋታ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል። ዱላው የሚቆረጠው ከበዓሉ ቀደም ብሎ ነው፤ ከቆመው ዛፍ ላይ ራሱ ተፈጥሮ ያጎበጠው ቅርንጫፍ ይፈለጋል። ቀጥ ያለውን እሳት አሳይተው የሚያጎብጡትም አሉ፣ ነገር ግን በግድ የጎበጠ እንጨት ጤዛ ሲነካው ቀስ በቀስ ወደ ቀጥነቱ ይመለሳል፤ በተፈጥሮው የጎበጠው ግን ጭረቱ አብሮት ስለሚታጠፍ አይሰበርም፣ አይቃናም። እሩሯ፣ በዱላው የምትመታው ኳስ፣ የቡጢ ያህል ናት፤ ከእንጨት ጉጥ የተጠረበችው ቁርጭምጭሚት ትሰብራለች፣ ስለዚህ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ ጨርቅ ጠቅልለው በጠፍር ያሰሩላቸዋል። ይህን ማንም ሕግ አላወጣውም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ የተመታው አይቆጣም፣ መቺው ግን ታናሹን በዕቃው መርጦ ይጠብቀዋል።

ወንጭፍን አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም እሱ ግማሹ ሥራ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ ወፍ የሚያባርርበት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ ሁለቱ ገመዶች እኩል ካልሆኑ ድንጋዩ ከመሐለኛው ጎጆ ውስጥ ቀድሞ ይወድቃል፤ ብዙ ጊዜ የወርዋሪው ራስ ላይ።

መሬቱ ሲጠብ

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንደሚባለው ጨዋታው የራሱ ቀን መቁጠሪያ ነበረው። ጅራፍ በነሐሴ፣ ጭቃው ሲጠና በሬ መሥራት በመስከረም፣ ወንጭፍ በጥቅምት፣ ሰብሉ ሲነሳ ገና በታኅሣሥ። ለእያንዳንዱ ቦታ ያስፈልጋል። ጅራፍ ዙሪያውን አምስት ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ የገና ጨዋታ ከአጨዳ በኋላ ማንም «ማሳዬን ረገጣችሁ» የማይልበት ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። የጋራ ግጦሹ ለግለሰብ ሲከፋፈልና ባሕር ዛፍ ሲተከልበት፣ ወይም ከብቱ ታስሮ በድርቆሽ ሲቀለብ፣ የሚጠበው ሣሩ ብቻ አይደለም። ያ ትልልቁና ትንንሹ አብሮ የሚውልበት ቀን ይጠባል። ትምህርት ቤት ሁሉንም በዕድሜው ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ የስድስት ዓመቱ ከስድስት ዓመቱ ጋር። ትምህርት ቤት ይቅር የሚል የለም፣ እኔም አልልም። ግን ጅራፍ የማያውቁ ልጆች እርስ በርስ ጅራፍ ሊማማሩ አይችሉም። ናይለን ጥፋተኛ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነበር።

ሆኖም ጨዋታው ሞቷል የሚለውን አልቀበለውም። መንገድ በገባበት ገጠር ልጆቹ መንገዱ ዳር ይገኛሉ፣ የሽቦ መኪና ይዘው። አካሉ ከወፍራም ሽቦ ይታጠፋል፣ ጎማዎቹ ከጫማ ሶል ይቆረጣሉ ወይም ከቆርኪ ይሠራሉ። መሪው ረጅም ሽቦ ሆኖ እስከ ልጁ ደረት ይደርሳል፤ እየሮጠ ሲያዞረው የፊት ጎማዎቹ ግራ ቀኝ ይላሉ። ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። የጎማው ቀዳዳ ልክ መሐሉ ላይ ካልሆነ መኪናው እንደ አንካሳ ይነጥራል። ልምድ ያለው ልጅ ቀዳዳውን በግምት አይበሳውም። ጎማውን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በከሰል ይስልበታል፣ ክቡን ቆርጦ አውጥቶ ሁለት ጊዜ ያጥፈዋል፤ እጥፋቶቹ የተገናኙበት መሐሉ ነው። አጠገቡ የቆመው ትንሽ ልጅ የራሱን ቆርኪ በእጁ ይዞ «የኔንም» ይላል። ትልቁ የሚነግረው ሽቦ ፈልጎ እንዲመጣ ነው።